የዘሃራ ሰባት ቤት

መምህርነትን ከተውኩ ገና ብዙ አልቆየሁም። ዛሬም ያለሁት አሰብ ነው፤ የምሠራውም በአንድ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ነው። ዕቃ ከመርከብ ሲወርድ ሰነዱን አሟልቼ ከጉምሩክ አስወጣለሁ። ደመወዙ ከመምህርነቱ ይሻላል፤ ስለ ደመወዝ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። መንገድ ላይ የድሮ ተማሪዎቼ «ቲቸር!» ብለው ሲጠሩኝ ግን አሁንም ዞር እላለሁ። ጡረታ የወጣ ሰው ትዝታውን ሲጽፍ ዘመኑ ረጅም ስለሆነ የሚመርጠው አያጣም። የእኔ የማስተማር ዘመን አጭር ነው። ከዚያም ውስጥ ደጋግሜ የማስበው አንድ ትምህርት ነው፤ ስለ ዝሆን ጥርስና ስለ ባሪያ ንግድ ያስተማርኩት። በቅደም ተከተል ላስረዳ እሞክራለሁ፣ ልማዴ ነውና። ነገሩ ግን ቅደም ተከተል ይወዳል ብዬ አላምንም።

ከማሠልጠኛ እንደወጣሁ ነው ወደዚህ የተመደብኩት። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ስወርድ ፊቴን የለበለበኝ ነፋስ ከሞተሩ የሚወጣ መስሎኝ ሮጥ ብዬ ራቅኩ። ራቅ ብዬም ያው ነበር። አብሮኝ የወረደ ነጋዴ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «መምህር ነህ አይደል? ከሞተሩ የምትሸሹት ሁልጊዜ እናንተ ናችሁ» አለኝ።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ያሳለፍኩት ከአሰብ በስተደቡብ ባለችው የባሕር ዳር መንደር፣ ራሔይታ ነው። ዳይሬክተራችን እስከ ቀትር ዳይሬክተር፣ ከቀትር በኋላ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፤ ስብሰባ የምናደርገውም መረባቸውን ሲያደርቁ ነው። እዚያ የተማርኩት ትልቅ ነገር የአፋር ልጆች የአባቶቻቸውን ስም እንዴት እንደሚቆጥሩ ነው። የማባዛት ሰንጠረዥ አስጠናለሁ ብዬ ብደክምም እነሱ ለእኔ አባቶቻቸውን አስጠኑኝ። ከዚያ ወደ አሰብ ከተማ ተዛወርኩና በአማርኛ በሚያስተምር አንድ ትምህርት ቤት ታሪክ ያዝኩ።

ያን ጊዜ መንግሥት ተለውጦ ነበር፤ የታሪክ መጽሐፉ ግን ገና አልተለወጠም። የትኛውን ምዕራፍ አስተምሬ የትኛውን እንደምዘል ለአዲሱ ዳይሬክተር ጥያቄ አቀረብኩ። ሰውየው ጥንቁቅ ነበሩ። መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አደረጉና «የጣሊያን ቅኝ ግዛት ዘመን ላይ ሰንብት። እሱ ማንንም አያስቆጣም» አሉኝ። ትዕዛዙን በደስታ ተቀበልኩ።

እውነተኛው አለቃዬ ግን የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ መስፍን ነበሩ። በደሴና በደብረ ብርሃን ትምህርት ቤቶች ፀጉራቸው ሸብቶ ወደዚህ የመጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ሰሌዳ ማጠብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ይህ ቀልድ አይደለም። የአሰብ የቧንቧ ውሃ ጨው አለበት፤ በሱ የታጠበ ሰሌዳ ሲደርቅ ነጭ ሽፋን ስለሚያወጣ በነጭ ጠመኔ የተጻፈ ነገር ከኋላ ወንበር አይታይም። ጋሽ መስፍን ስለዚህ የሚጠጣ ውሃ በጠርሙስ ይዘው ይመጣሉ። ጨርቁን በዚያ አርሰው ከላይ ወደ ታች ብቻ ያብሳሉ። «ወደ ጎን ካበስከው ትናንት ያስተማርከው ዛሬ ካስተማርከው ጋር ይደባለቃል» ይሉኝ ነበር።

ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ ደግሞ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ። ልጅ አስተማሪ ዓይን ዓይኑን እያየው አያስብም ባይ ናቸው። መልስ እስኪመጣ ድረስ ቆመው ባሕሩን ያያሉ። እኔ ዝምታ ስለሚያስጨንቀኝ ጥያቄውን ጠይቄ ራሴው እመልሰው ነበር፤ በዚህ ብዙ ተቆጥተውኛል።

ሰባት ቤት ማስቆጠርም ልማዳቸው ነበር። ደገኛ የሆነ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሰው ከመጋባቱ በፊት ዝምድና እንዳይኖር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ጋሽ መስፍን ይህንን ለታሪክ ትምህርት አዋሉት። ተማሪው አባቶቹን ይቆጥራል፤ ከዚያ እያንዳንዳቸው የት እንደተወለዱና በምን ሥራ እንዳደሩ የሚያውቀውን ይናገራል። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ዘመን እንዲህ ከልጁ ቤት ጋር ይገናኛል። ደሴ ውስጥ በዚህ ዘዴ ሰነፍ የሚባሉ ልጆች ሳይቀሩ ታሪክ ወድደው እንደነበር ሲነግሩኝ እቀና ነበር።

የዝሆን ጥርሱን ትምህርት ያስተማርኩ ዕለት ጋሽ መስፍን ሊከታተሉኝ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ሰሌዳውን በሦስት ዓምድ ከፈልኩት። ምን ወጣ? ማን ተሸከመ? ማን ገዛ? ጥርሱ ዝሆን ከሚታደንበት ሩቅ አገር በግመል ቅፍለት ወደ ባሕር እንደሚወርድ፣ በመርከብ ተሻግሮ የፒያኖ ቁልፍ፣ የቢላ እጀታና የቢሊያርዶ ኳስ እንደሚሆን አስረዳሁ። ጭነቱን ተሸክመው የመጡት ብዙ ጊዜ ባሪያዎች ነበሩ፤ ባሕሩ ዳር ሲደርሱ ከጭነቱ ጋር ይሸጣሉ። ጣሊያን ይህን ጠረፍ ሲይዝ የባሪያ ንግድ በሕግ ተከለከለ። ጥርሱ ግን አልተከለከለም፤ ቀረጥ እየተከፈለበት ያልፋል። ሰዎቹ ደግሞ የጣሊያን መኮንን በማያይበት ዳር በጀልባ ወደ ዐረብ አገር ይሻገራሉ። ዓምዶቹ አምረው ስለነበር ረካሁ።

የክፍሉ አንደኛ ተማሪ ዘሃራ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ሁለተኛው ዓምድ ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉም ተሻገሩ? እዚህ የቀረ የለም?»

መጽሐፉ ይህን አይልም። እኔም አላውቅም። ጋሽ መስፍን ከኋላ ተነሡ።

«ጥሩ ጠየቅሽ። በዚያ ዘመን ማን መጥቶ ማን እንደቀረ ከእናንተው እናያለን። ከራስሽ ጀምሪ፤ ቁጠሪ።»

ዘሃራ ቆመች። «ዘሃራ፣ ኢድሪስ፣ ፈረጅ፣ አህመድኑር፣ ይማም፣ ሙሄ፣ አሊ፣ ወልዴ።»

«ወልዴ! ቄስ ነው እንዴ?» አለ አንዱ፤ ክፍሉ ሳቀ።

«ዝም በል አንተ! የእኔ ሰባተኛ መሐመድ ነው» አሉ ጋሽ መስፍን። ሳቁ ባሰ። «እሺ፣ ምን ሠሩ?»

«አህመድኑር ከባቲ ወደዚህ በቅፍለት የሚመጣ ነጋዴ ነበር። የዝሆን ጥርስ ነጋዴ» አለች፤ ስትናገር ኩራት ነበረባት።

ጋሽ መስፍን በደስታ እጃቸውን አጨበጨቡ። ከዚያ ከሷ ጋር ከአንድ ግቢ የሚመጣውን ከድርን አስነሡት። ከድር የሐጂ ሰይድ ልጅ ነው፤ ሐጂ ሰይድ ካምፖ ሱዳን በሚባለው የአሰብ ሰፈር ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ናቸው። «ከድር፣ ሰይድ፣ መሐመድ፣ አህመድኑር» አለ፤ ከዚያ በላይ ያሉት ያው የዘሃራ ናቸው። ጋሽ መስፍን ሁለቱን ቁጥሮች ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጽፈው አህመድኑር ላይ በቢጫ ጠመኔ አገናኟቸው።

«ይኸው! አያቶቻችሁ ወንድማማቾች ናቸው።»

«ከድር፣ እንግዲህ ተስፋ ቁረጥ! ዘመድህ ናት፣ አታገባትም!» አለ ከኋላ አንድ የክርስቲያን ልጅ።

ክፍሉ በጩኸት ተናወጠ። ከድር ዘሃራን እንደሚወዳት የማያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ መሰለኝ። በእስልምና የአያት ወንድም ልጅ ልጅ ማግባት አይከለከልም፤ ወሎ ውስጥ ግን ብዙ ሙስሊሞችም እንደ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ይቆጥራሉ፣ ዘመድ ማግባትም ያፍራሉ። የከድር ፊት ደም መሰለ።

«ዘመዴ አይደለችም» አለ።

«እንዴት?» አሉ ጋሽ መስፍን። እንደ ልማዳቸውም ወደ መስኮቱ ዞሩ።

እሳቸው ባይዞሩ፣ ወይም እኔ እንደ ልማዴ ጣልቃ ገብቼ ብለፈልፍ ኖሮ ከድር ይቀመጥ ነበር ብዬ አስባለሁ። ዝምታው ረዘመ።

«አያቷ የአህመድኑር ልጅ አይደለም» አለ ከድር። «አህመድኑር ከጥርሱ ጋር ያመጣው ባሪያ ነው። አክስቴ ነግራኛለች። በእኛ አባቶች የሚቆጥሩት ማንም ስላልከለከላቸው ነው።»

ዘሃራ አላለቀሰችም። ሰሌዳው ላይ ያለውን ቢጫ መስመር እንደ ሂሳብ ጥያቄ ስታየው ቆየች። ከዚያ መጻሕፍቷን ሰብስባ ሳታስፈቅድ ወጣች። ጋሽ መስፍን ሰሌዳውን ሳያጥቡ ወጡ።

በማግስቱ አልመጣችም፤ በሳምንቱም አልመጣችም። መልቀቂያ ፈተናው እየቀረበ ነበር። ጋሽ መስፍን መምህራን ክፍል ውስጥ ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ተቀመጡ።

«ይህ ትምህርት ከደሴ ጀምሮ ከድቶኝ አያውቅም» አሉኝ። ቆይተው ደግሞ፣ «ወይስ እዚያም እንደሷ ያለ ልጅ ነበረ? ዝም ብሎ ቆጥሮልኝ ይሆን?»

ሻያቸውን ደፍቼ ትኩስ ቀዳሁላቸው።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አብረን ወደ እነዘሃራ ቤት ሄድን። ሐጂ ሰይድ «መርሀባ፣ መርሀባ መምህራን!» ብለው ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ግቢ አስገቡን። ጥላው ስር አልጋ ላይ አንድ ሽማግሌ በሰሌን ማራገቢያ እያራገቡ ተቀምጠዋል። የዘሃራ አያት አባ ፈረጅ ናቸው። የዘሃራ አባት የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ከአዲስ አበባ መንገድ ላይ አይጠፋም፤ እሱ በሌለበት በልጅቷ ላይ የሚያዝዙት እሳቸው ናቸው።

«ያንን ውሻ ገርፌዋለሁ» አሉ ሐጂ ሰይድ ሳንጠይቃቸው። «አያ ፈረጅ ያሳደጉኝ ናቸው። ስታመም ያዘሉኝ እሳቸው፣ ስሰርቅ የመቱኝ እሳቸው። ባሪያ ጌታውን ይመታል እንዴ?»

«ስንቴ መታሁህ» አሉ ሽማግሌው።

«ወላሂ ብዙ ነው!»

«አንሶ ነው እንጂ። ዱላዬ ቢጠነክርልህ ኖሮ ይህን ጊዜ ልጅህን ሥርዓት ታስተምር ነበር።»

ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን የመጣሁበት ጉዳይ ስላለ ከድር የተናገረው እውነት መሆኑን ጠየቅሁ። ጋሽ መስፍን በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። አባ ፈረጅ አልተቆጡም።

«ጥርሱን ታስተምራለህ አሉኝ፤ እንግዲያው ጥርሱን ልንገርህ» አሉ። «ትልቁ በግመል ነው። ትንሹን እኛ ልጆቹ በትከሻ እንሸከማለን። ሥሩ ላይ ሥጋ ስለሚቀር ይሸታል፤ ዝንቡ አብሮህ ይጓዛል። በረሃው ላይ ስትደርስ ጥርሱ በፀሐይ እንዳይሰነጠቅ በእርጥብ ጆንያ ይጠቀለላል። ውሃ ስናገኝ መጀመሪያ ጆንያው ይረጥባል፣ ቀጥሎ ግመሉ ይጠጣል። እኛ ከዚያ ነን።»

ማራገቢያውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ።

«ባሕሩ ዳር ገዢ መጣ። ጥርሱን በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ ያዳምጣል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ሌላ ነው። እኔንም ደረቴን እንደ ጥርሱ መታ መታ ሲያደርገኝ ሳልኩበት። ተወኝ። ሌሎቹን ወሰዳቸው። በኋላ ጣሊያኑ መጣ። በአስተርጓሚ ባሪያ ነህ ወይ አለኝ፣ ዝም አልኩ። ከዛሬ ጀምሮ አይደለህም ብሎ ወረቀት ሰጠኝ። ታዲያ የት ልሂድ አልኩት። አህመድኑር እዚያው ቆሞ ነበር፤ ከሱ ጋር ሂድ፣ በደመወዝ ያሠራሃል አለኝ። ጥርሱን ቀረጥ አስከፍሎ አሳለፈው፤ እኔን ያለ ቀረጥ።»

«ደመወዙን ከፈለዎት?» አሉ ጋሽ መስፍን።

«የት አባቱ! ግን ከልጁ ከመሐመድ ጋር ባንድ ገበታ አበላኝ። ባንድ ሰሌን ተኛን። አህመድኑር ሊሞት ሲል ልጆቼ ብሎ ሁለታችንንም ጠራ። መሐመድ ሲሞትም ሬሳውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ባዳ ብሆን ያሳጥቡኝ ነበር?»

ሐጂ ሰይድ ዓይናቸውን ጠረጉ። ዘሃራ በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ ኖሯል።

«እመለሳለሁ ቲቸር» አለችኝ። «ከእንግዲህ ግን ሲቆጠር ፈረጅ ላይ አቆማለሁ። አባባን ሊሸጥ ያመጣውን ሰው አያቴ አልለውም።»

«አልሸጠኝም» አሉ አባ ፈረጅ።

«ገዢ ስላጣ ነው!»

የሽማግሌው እጅ ማራገቡን አቆመ።

«እንግዲያው ትምህርት ቤት አትሄጂም» አሉ። «አህመድኑርን፣ ይማምን፣ ሙሄን ማንም በነጻ አልሰጠኝም። ዕድሜ ልኬን ሠርቼ ያገኘኋቸው አባቶች ናቸው። በስተርጅና ትቀሚኛለሽ? ክፍሉ ፊት ቆመሽ እንደ ድሮው እስከ ወልዴ እቆጥራለሁ ካላልሽ የትምህርት ቤቱን በር አትረግጪም። በቃኝ።»

ጋሽ መስፍን ወደ ሐጂ ሰይድ ዞሩ። መውጫ ያገኙ መስሏቸው ነበር። «ሐጂ፣ እርስዎ አንድ ቀን ክፍል መጥተው አጎቴ ናቸው ብለው ቢነግሩልን ነገሩ ያበቃል።»

ሐጂ ሰይድ ቆባቸውን አስተካከሉ። «እዚህ ግቢ ውስጥ አያዬ፣ የአባቴ ወንድም ናቸው፤ አላህ ምስክሬ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ክፍሉ ውስጥ ግን የባቲ ሰው ልጅ ስንት አለ? ነገ እህቴ ለልጇ ሚስት ስትጠይቅ ምን ይሏታል?»

አባ ፈረጅ ሁሉንም ሰምተዋል። ሁለት ክንድ አይርቁም። «ተዉት፣ ሱቁን ጥሎ የት ይመጣል? ሥራ አለበት» አሉ፤ ማራገባቸውንም ቀጠሉ።

ስንመለስ ከጋሽ መስፍን ጋር ተጣላን። እኔ ልጅቷ እውነቱን ይዛለች፣ የታሪክ መምህር ሆነን ሐሰት ቁጠሪ ልንላት አንችልም አልኩ።

«ሐሰቱ የቱ ነው?» አሉ።

«አህመድኑር አባታቸው አይደለማ።»

«ጣሊያኑ ባሪያ አይደለህም ብሎ ፈርሞ ወረቀት ሰጥቷቸዋል፤ ከዚያ ለባለቤታቸው መልሶ አስረከባቸው። ያ ወረቀት እውነት ነው? አንተ ብትሆን ታስተምረዋለህ፣ ዓምድ ሠርተህ።»

«ታዲያ ሽማግሌው እንዳሉት ትቁጠር ነው የሚሉኝ?»

«አላውቅም» አሉ። «አላውቅም አልኩህ!» መንገድ ላይ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ማታ ሦስቱን ዓምዶች እንደገና ጻፍኳቸው። አባ ፈረጅ ሁለተኛው ውስጥ ይገባሉ። ግን የአህመድኑር ልጅ ከተባሉ ደግሞ ከሻጩ ወገን ሊሆኑ ነው። ሐጂ ሰይድ በሳቸው ጀርባ ላይ ያደጉ፣ በአደባባይ የሚክዷቸው፣ ቢሞቱባቸው ደግሞ እንደ አባት የሚያለቅሱ ሰው ናቸው። እሳቸውን የት ልጻፋቸው? አራተኛ ዓምድ አሰመርኩ፤ ርእስ ግን አላገኘሁለትም።

ዘሃራ የመጣችው ፈተናው ደጃፍ ላይ ሲደርስ ነው። ጋሽ መስፍን ያን ቀንም ከኋላ ነበሩ።

«ቲቸር፣ መቁጠር አለብኝ» አለች።

ማንም አላስገደደሽም ልላት አልቻልኩም፤ ተገድዳለች። ፊት ለፊት ቆመች።

«ዘሃራ፣ ኢድሪስ፣ ፈረጅ።»

እዚያ ላይ ቆመች። እዚያ ላይ አቁማ ብትቀመጥ የምትፈልገውን ተናግራለች፤ ግን አያቷ ጋ ሳይደርስ የሚቀር ወሬ አሰብ ውስጥ የለም፣ ፈተናውም ያመልጣታል። አፏን ከፈተች፤ ስሙ አልወጣም። እንደገና ከፈተች። እኔ የምታቆም መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ደነገጥኩ።

«አህመድኑር» አለ ከድር ከመቀመጫው፤ ጭንቅላቱን ከዴስኩ ላይ ሳያነሣ።

ዘሃራ ወደሱ አየች። «አህመድኑር» አለች።

«ይማም።»

«ይማም።»

እንዲህ እየተቀባበሉ እስከ ወልዴ ደረሱ። ማንም አልሳቀም። ዘሃራ ሄዳ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች፤ እኔም ትምህርቱን ቀጠልኩ፣ የቱን ትምህርት እንደሆነ አላስታውስም።

በዕረፍት ሰዓት ከድርን ጠራሁት። ይቅርታ መጠየቁ ነው፣ ወይስ የአባቶቹ ባለቤት እኔ ነኝ ማለቱ ነው፣ ማወቅ ፈለግሁ።

«ለምን ስሙን ነገርካት?»

«የረሳችው መሰለኝ» አለኝ፤ ሮጦም ወጣ።

ጋሽ መስፍን ከዚያ ወዲህ ሰባት ቤት ሲያስቆጥሩ አላየሁም፤ ትንሽ ቆይተውም ወደ ደሴ ተመለሱ። ዘሃራ ፈተናውን አለፈች። እኔ መምህርነቱን የተውኩት በዚህ ምክንያት ነው የሚሉ አሉ። አይደለም ብዬ እመልሳለሁ፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

በዚያው ሰሞን አባ ፈረጅን ሱቁ በር ላይ አገኘኋቸው። የሰው እጅ ይዘው ሲናገሩ አይለቁም። ስለ ፈተናው አልጠየቁኝም።

«ቆጠረች አሉኝ።»

«ቆጥራለች አባ ፈረጅ።»

«መሐል ላይ ቆማለች የሚል ወሬ ሰማሁ። የት ላይ ነው የቆመችው?»

ሐሰት ቁጠሪ ልንላት አንችልም ብዬ መንገድ ላይ የተጣላሁት ሰው እኔ ነኝ። ሽማግሌው እጄን እንደያዙ ፊቴን ያያሉ።

«የትም አልቆመችም» አልኳቸው።